ቁጥሩ በእጅ፣ ማኅደሩ በመደርደሪያ

በሲ ቋንቋ የስትራክት ፖይንተር ስንቱን ተማሪ አስጨንቋል? መልሱን ፍለጋ ከቀሐ ዳር የተማሪዎች ክፍል ተነስተን እስከ ካርድ ክፍል መስኮትና እስከ ድጓው መስመር ሄደናል።

ሰኔ ሲገባ የቀሐ ድምፅ ይለወጣል። በበጋ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ወንዝ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ ደፍርሶ፣ እያጉረመረመ ይወርዳል። ጎንደርን በአንድ ወገን አንገረብ፣ በሌላው ወገን ቀሐ ይዘዋታል፤ ሁለቱም ኋላ በመገጭ በኩል ወደ ጣና ያቀናሉ። ለጥምቀት የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚሁ ከቀሐ በተጠለፈ ውኃ ነው።

ከመዋኛው ብዙ ሳይርቅ፣ ተማሪዎች በጋራ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ካሉት ሁለት ላፕቶፖች የአንዱ ባትሪ አልቋል፤ ሁለተኛው ላይ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አጎንብሳለች። የጻፈችው ፕሮግራም የተማሪዎችን ስም፣ መታወቂያ ቁጥርና ውጤት ይመዘግባል። አንዱን ተማሪ 58 ብላ መዘገበችው። ቀጥላ ውጤት የሚያስተካክለውን ፈንክሽን ጠርታ 78 እንዲያደርገው አዘዘች። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ሠራ። መዝገቡን ስታወጣው ግን አሁንም 58 ይላል።

«ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ስህተት አለ ቢለኝ እኮ ይሻለኝ ነበር» አለች።

አጠገቧ የተቀመጠው ከዳባት የመጣ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ዜማ ቤት የቆየ ዲያቆን ነው። ስክሪኑን አየና «ያስተካከልሽው እኮ የሌላ ሰው ነው» አላት።

ትክክል ነበር። የተስተካከለው ግልባጩ ነው።

ካርድ ክፍል

ሐኪም ቤት ሄዶ ካርድ ያላወጣ ሰው የለም። በመስኮቱ በኩል ስምህን ትናገራለህ፤ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ይሰጡሃል። የሕመምህ ታሪክ፣ የደም ምርመራህ፣ ሐኪሙ የጻፈልህ ሁሉ ግን በካርዷ ላይ የለም። እሱ ያለው በውስጠኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ፣ በትልቁ ማኅደር ውስጥ ነው። በኪስህ ይዘህ የምትሄደው ማኅደሩ የሚገኝበትን ቁጥር ብቻ ነው።

ስትራክት ማለት ያ ማኅደር ነው። በዓይነት የማይመሳሰሉ ነገሮችን፣ ማለትም ስምን፣ ቁጥርንና ውጤትን፣ በአንድ ልባስ አስሮ «ይህ አንድ ሰው ነው» የሚል አደረጃጀት ነው። ፖይንተር ደግሞ በኪስ የምትያዘው ካርድ ናት፤ ማኅደሩ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ የት ቦታ እንደተቀመጠ የሚናገር ቁጥር።

አሁን ወደ ልጅቷ ፕሮግራም እንመለስ። ሲ ቋንቋ አንድ ስትራክት ለፈንክሽን ሲሰጠው ማኅደሩን ራሱን አያሳልፍም። ሙሉውን ገልብጦ ግልባጩን ይሰጣል። ፈንክሽኑ በግልባጩ ላይ 58ን ሰርዞ 78 ጻፈ፤ ሥራውን ጨረሰ፤ ግልባጩም ተጣለ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ማኅደር የነካው የለም። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ስለፈጸመ የሚያሰማው ቅሬታ አልነበረውም።

መድኃኒቱ ለፈንክሽኑ ማኅደሩን ሳይሆን ቁጥሩን መስጠት ነው። ከስሙ በፊት & የምትባለውን ምልክት ማድረግ «የዚህን ነገር አድራሻ ስጠኝ» ማለት ነው። አድራሻውን የተቀበለ ፈንክሽን መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ዋናውን ያርማል።

> የተስተካከለው ግልባጩ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ማኅደር የነካው የለም።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ የሚደናገርበት ምክንያት አለው፤ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። ከስትራክት በፊት የሚማሩት አሬይን፣ ማለትም ተከታታይ ድርድርን ነው። አሬይ ለፈንክሽን ሲሰጥ የሚተላለፈው የመነሻው አድራሻ ስለሆነ፣ ፈንክሽኑ ያደረገው ለውጥ ዋናው ላይ ይታያል። ያንን የለመደ ተማሪ ስትራክትም እንደዚያው ይመስለዋል። ይባስ ብሎ ያው አሬይ ስትራክት ውስጥ ከተቀመጠ ከስትራክቱ ጋር አብሮ ይገለበጣል። ይህን ልዩነት አፍታቶ የሚነግር መምህር ያጋጠመው ተማሪ ዕድለኛ ነው። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ የተሰጠን ኮከብና ቀስት የሚባሉት ምልክቶች ብቻ ነበሩ፤ ገልብጠን፣ ሸምድደን፣ ተፈትነን አለፍን። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያ ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል።

ነጥብ፣ ኮከብ፣ ቀስት

ማኅደሩ ራሱ በእጅህ ካለ ውስጡን ለማየት ነጥብ ይበቃል፤ «ተማሪ.ውጤት» ትላለህ። በእጅህ ያለው ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ግን አስቀድሞ ወደ መደርደሪያው መሄድ ያስፈልጋል። የመሄዱ ትእዛዝ * ነው፤ ተማሪው ኮከብ ይለዋል። ችግሩ በሲ ሕግ ነጥብ ከኮከብ መቅደሙ ነው። «*ተማሪ.ውጤት» ብለህ ብትጽፍ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር በመጀመሪያ ነጥቡን ለመፈጸም ይሞክራል፤ ካርዷን ከፍቶ ውስጧ ውጤት ይፈልጋል። ካርድ ውስጥ ደግሞ ውጤት የለም። ስለዚህ በቅንፍ አስረህ «(*ተማሪ).ውጤት» ማለት አለብህ፤ ሂድ፣ ማኅደሩን አውጣ፣ ከዚያ ውጤቱን አሳየኝ።

ይህን በየመስመሩ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ አንዲት አጭር ምልክት ተፈጠረች፤ ሰረዝና ማዕዘን ተጋጥመው ቀስት የሆኑባት። «ተማሪ->ውጤት»። ተማሪዎች «አሮው» ይሏታል። ከቅንፉ አጻጻፍ ጋር ፍጹም አንድ ናት። የፈተና ወረቀት ላይ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች የሚያጠኑ ልጆች ማየት ያሳዝናል።

(ስሞቹን በግዕዝ ፊደል መጻፌ ለአንባቢ ምቾት ብዬ ብቻ አይደለም። የዛሬዎቹ ኮምፓይለሮች የቫሪያብል ስም በፊደላችን ቢጻፍ ይቀበላሉ። ጂሲሲ የሚባለው ነፃ ኮምፓይለር ከ10ኛው እትሙ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ስም እንዳለ ያነባል።)

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? ቢገለበጥስ ምን ይጎዳል? አንደኛው መልስ ስፋት ነው። የልጅቷ ስትራክት ለስም 20 ባይት፣ ለመታወቂያ 16፣ ለውጤት 4 ይዟል፤ በድምሩ 40። አድራሻው ግን ዛሬ በምንጠቀምባቸው ላፕቶፖች 8 ባይት ብቻ ነው። ስትራክቱ የአንድ ሰው የሕይወት ዘመን ሕክምና ቢሆን እንኳ አድራሻው ያው 8 ነው። ሁለተኛው መልስ ግን ይበልጣል። ግልባጭ ሲበዛ እውነቱ የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። ካርዱ የጠፋበት ሰው አዲስ ሲያወጣ ሁለተኛ ማኅደር ይከፈትለታል፤ የቀድሞው መድኃኒቱ በአንዱ፣ የአሁኑ በሌላው ይጻፋል። ሐኪሙ የሚያየው አንዱን ነው።

ብራና ውድ በነበረበት ዘመን

ዲያቆኑ ነገሩን ከሌሎቹ ቀድሞ ያወቀበትን ምክንያት ስጠይቀው በላፕቶፕ አልጀመረም። «ድጓ ላይ እኮ ከመስመሩ በላይ የምትጻፈዋ ምልክት ዜማ አይደለችም። ዜማው ያለበትን ነው የምትነግርህ» አለኝ።

ድጓን የከፈተ ሰው ያየዋል። ከትልቁ ጽሑፍ በላይ፣ በመስመሮቹ መካከል ደቃቅ ፊደላት ተረጭተዋል። ከነዚያ ውስጥ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት እያልን የምንጠራቸው የድምፅ አካሄድ ምልክቶች አሉ። ከእነሱ ሌላ ግን አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ሆነው የሚጻፉ አሉ፤ እነዚህ ከአንድ የታወቀ ቃል የተወሰዱ ናቸው። መሪጌታው ምልክቷን ሲያይ ያ ቃል በአእምሮው ይመጣል፤ ከቃሉ ጋር ዜማው ይመጣል፤ ያንን ዜማ ከፊቱ ባለው ጽሑፍ ላይ ያውለዋል። ትውፊቱ ይህን ሥርዓት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል።

ስሌቱ ሲን ከሠሩት የቤል ቤተ ሙከራ ሰዎች ስሌት ጋር አንድ ነው። ብራና ውድ ነው፤ በግ ወይም ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ የሚገኝ ነው። ዜማውን በየመስመሩ ዘርዝሮ መጻፍ አይቻልም። አንድ ጊዜ በቃል ይጠናል፤ ከዚያ በኋላ በመቶ ቦታ በሁለት ፊደል ይጠቆማል። መቶ ጠቋሚ፣ አንድ ዜማ።

በዚህ ከተማ የበአታ ጉባኤ የአቋቋም ማስመስከሪያ ነው፤ ድጓውን የሚያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። አንድ የዜማ መምህር ጋ ቀርቤ «የኔታ፣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ምን ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ምልክቱን አጥንቶ ዜማውን ያላጠና ልጅ እንዳለ ነገሩኝ። «ፊደሏን ያውቃታል፤ ወዴት እንደምትወስደው ግን አያውቅም። እንዲህ ያለውን እንደገና ከሥሩ እናስጀምረዋለን።»

> ፊደሏን ያውቃታል፤ ወዴት እንደምትወስደው ግን አያውቅም።

የኔታ ስለ ሲ ሰምተው አያውቁም። ይሁን እንጂ ስለ ፖይንተር አስተማሪዎች ከነገሩኝ ሁሉ ይህን ያህል ልኩን የመታ አላገኘሁም።

አንድ ልዩነት ግን መደበቅ የለበትም። መሪጌታው ምልክቷ በስህተት ብትጻፍ «ይህ እዚህ አይገባም» ብሎ ያርማል። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ጆሮ የለውም። አድራሻው የተሳሳተ ቢሆንም ይሄዳል፤ እዚያ ያገኘውንም ነገር የተማሪ ውጤት ነው ብሎ ያነበዋል።

በመጀመሪያ ሳይሳካ የቀረው

ሲን የሠራው ዴኒስ ሪቺ ነው፤ ቦታው ኒው ጀርሲ ያለው ቤል ቤተ ሙከራ፣ ዘመኑ የ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)። ባልደረባው ኬን ቶምፕሰን በ1972 ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት በአዲሱ ቋንቋ ሊጽፈው ሞክሮ ተወው። ያን ጊዜ ቋንቋው ስትራክት አልነበረውም። ስትራክት ከገባ በኋላ፣ በ1973 አጋማሽ ላይ፣ ሥራው ተሳካ። ማኅደር የሌለው ካርድ ክፍል እንደማይሠራ ሁሉ ነገሮችን በአንድ አስሮ በአድራሻ መጥራት ያልቻለ ቋንቋም ያን የመሰለ ሥራ አልተሸከመም።

የዚያ ሥራ ወራሽ ዛሬ በኪሳችን አለ። የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በሊነክስ ከርነል፣ ማለትም በሥርዓቱ እምብርት ላይ ነው፤ ከርነሉ በአብዛኛው በሲ ተጽፏል። በስልኩ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም በከርነሉ ዘንድ አንድ ስትራክት አለው፤ ማን እንደሆነ፣ ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ፣ ማን እንደወለደው የተመዘገበበት። በቴሌብር ገንዘብ በምትልክበት ቅጽበት ከርነሉ ከስትራክት ወደ ስትራክት በፖይንተር እየተሻገረ ተራ ያስይዛል።

ገብረመድኅን ሃያ ባይት አይበቃውም

የልጅቷ ሁለተኛ ችግር ለእኛ የተለየ ነው፤ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት አይነግሩንም።

የመጀመሪያው መዝገብ ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፈው ይሠራል። በአማርኛ «ገብረመድኅን» ስትለው ይበላሻል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ተሰብራ በቦታዋ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ይወጣል፤ ከኋላው ደግሞ የመታወቂያ ቁጥሩ ተለጥፎ ይታያል። ፊደሎቹ ሰባት ናቸው። ለስም የተሰጠው ቦታ ሃያ ነው። ሰባት ከሃያ አይበልጥም፤ ታዲያ ምን ሆነ?

መልሱ በፊደላችን አቀማመጥ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ ሥርዓት ወደሚያስቀምጠው ዩኒኮድ የገባው በሦስተኛው እትም፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት እነፓወር ግዕዝና እነቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት የጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ፊደሉን ያስቀምጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ዩኒኮድ ይህን ፈታ። ሆኖም ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሰባት በሦስት 21። ሲ ደግሞ ጽሑፍ ማለቁን ለማወቅ ከመጨረሻው በኋላ አንድ ባዶ ባይት ያስቀምጣል፤ 22።

በሃያ ቦታ ሃያ ሁለት ተጻፈ። የተረፉት ሁለቱ የት ሄዱ? ስትራክት ውስጥ ነገሮች የሚቀመጡት ጎን ለጎን ስለሆነ ወደ ጎረቤት፣ ወደ መታወቂያ ቁጥሩ ክልል ፈሰሱ። ቀጥሎ መታወቂያው ሲመዘገብ የ«ን»ን የመጨረሻ ባይትና የማብቂያ ምልክቱን ደመሰሳቸው። አንባቢው ማብቂያውን ስላጣ ስሙን አልፎ መታወቂያውንም ስም ነው ብሎ አነበበው።

ይህን ወረቀት ላይ በሃያ ሣጥን ሠርተው ፊደሎቹን ሦስት ሦስት ሣጥን እየሰጡ ሲሞሉት በክፍሉ ውስጥ የነበረው ጸጥታ አይረሳኝም። ሰባተኛዋ ፊደል ሁለት ሣጥን አግኝታ ሦስተኛው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ወደቀ። ልጅቷ እርሳሱን አስቀምጣ «ስንት ሰው ስሙ እንዲህ ተቆርጦ ቀርቶ ይሆን?» አለች።

የፈረሰ ቤት አድራሻ

ጎንደር ውስጥ ቤት የሚጠቆመው በቁጥር አይደለም። «ከወፍጮ ቤቱ ወደ ታች፣ ከዋርካው ፊት ለፊት።» መንገድ ሲሰፋ ወፍጮ ቤቱ ይፈርሳል፤ አድራሻው ግን በሰዎች አፍ ይቀራል። እንግዳ በዚያ አድራሻ ሄዶ ያላሰበው ቤት ያንኳኳል።

ፖይንተርም እንደዚሁ ነው። ፕሮግራም አድራጊው «ማሎክ» በሚባለው ጥሪ ቦታ ይከራያል፤ ሲጨርስ «ፍሪ» ብሎ ይለቃል። መልቀቅ ግን ካርዱን አይቀድም። አድራሻው በቫሪያብሉ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ ቦታውን ሌላ ተከራይ ሊይዘው ይችላል። በአሮጌው አድራሻ ሄዶ የሚጽፍ የማያውቀውን ሰው ማኅደር ያበላሻል። የሚከፋው ደግሞ አንዳንዴ ቦታው ገና ያልተነካ ሆኖ ፕሮግራሙ ደኅና መሥራቱ ነው፤ በመምህሩ ፊት ሠርቶ በነጋታው ይወድቃል። ማይክሮሶፍት በ2019 (እ.ኤ.አ.) እንዳስታወቀው በምርቶቹ ላይ በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ያህሉ የሜሞሪ አያያዝ ስህተቶች ነበሩ። እንደ ራስት ያሉ አዳዲስ ቋንቋዎች የመጡትም ይህንን ሊያስቀሩ ነው።

ወዴትም የማይጠቁም ፖይንተርም አለ፤ «ነል» ይባላል። ቁጥር ያልተጻፈበት ካርድ ነው። ያንን ይዞ ማኅደር የጠየቀ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ እዚያው ይወድቃል። ሐሳቡን በ1965 ያመጣው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ቶኒ ሆር በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቢሊዮን ዶላር ያስከፈለ ስህተቴ ነው ብሎ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ቢሆንም ከተሳሳተ አድራሻ ባዶ ካርድ ይሻላል፤ ባዶ መሆኑን ማየት ይቻላልና።

ጣት የሚያርፍበት ቦታ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኘው ከሲ ፕላስ ፕላስ ጋር ነው፤ ስትራክቱና ፖይንተሩ ግን ከሲ የተወረሱ ናቸው። ዳታ ስትራክቸር የሚባለው ኮርስ ሲመጣ ሁለቱ ይጋጠማሉ። ያን ጊዜ ብዙ ልጅ ይሸሻል።

አንድ አስተማሪ «ፈተና ላይ ኮከቡን አይሳሳትም። ሰሌዳው ላይ ሣጥኖቹን ሥዬ ‹ቀስቱ የቱ ላይ ያርፋል?› ስለው ግን ጣቱን የሚያሳርፍበት ያጣል» አለኝ። አዲስ አበባ ለአንድ የሶፍትዌር ድርጅት የሚሠራ የጎንደር ልጅ በተቃራኒው ይህን ሁሉ ለጀማሪ ማሸከም ተገቢ መሆኑን ይጠራጠራል፤ በሥራው ላይ አንድ መስመር ሲ ጽፎ አያውቅም። ሆኖም በፓይተን ወይም በጃቫስክሪፕት አንድ ዝርዝር በሁለት ስም ተይዞ በአንዱ ስም ያደረገው ለውጥ በሌላው ሲታይ ምክንያቱን ወዲያው እንደሚያውቀው አልካደም። እነዚያ ቋንቋዎች ካርዱን ደብቀው ይይዙልናል እንጂ ያለ ካርድ አይሠሩም። ስለዚህ እኔ ከአስተማሪው ጋር ነኝ፤ ነገር ግን ከኮድ በፊት እርሳስ መቅደም አለበት እላለሁ። መብራት በጠፋበት በዚያ ከሰዓት በኋላ ያየሁት ይህንን ነው።

ወረቀቱ ላይ አሁን አራት ሣጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ሣጥን ስም፣ መታወቂያ፣ ውጤት፣ ከሥሩም የሚቀጥለው ሣጥን አድራሻ ይዟል። ስትራክት ራሱን በውስጡ መያዝ አይችልም፤ ማኅደር በማኅደር ውስጥ እያለ ማለቂያ ያጣልና። የቢጤውን አድራሻ መያዝ ግን ይችላል። ሊንክድ ሊስት የሚባለው ይኸው ነው፤ አንዱ ቀጣዩን ብቻ ያውቃል፣ መጨረሻው ነል ይዟል። የመጀመሪያውን አድራሻ የጣለ ሁሉንም ጣለ።

ልጅቷ ሁለተኛውን ተማሪ ከዝርዝሩ ልታወጣ የመጀመሪያውን ቀስት በላጲስ አጥፍታ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ሳበችው። ጨረስኩ ብላ ቀና አለች።

ዲያቆኑ ብቻውን የቀረውን ሣጥን በጣቱ ነካ። «እሱን አሁን ማን ያውቀዋል?»

ማንም። ቦታውን እንደያዘ አለ፤ ወደ እሱ የሚያደርስ አድራሻ ግን የትም አልተጻፈም፤ ሊለቀቅም አይችልም። ልጅቷ ቀስቱን መልሳ ሳለችው። አዲስ ትንሽ ካርድ በጎን ሣለች፤ የሁለተኛውን አድራሻ በመጀመሪያ እዚያ ላይ ገለበጠች። ከዚያ ቀስቱን አሻገረች። ከዚያ በካርዷ ሄዳ ሣጥኑ ላይ «ፍሪ» ብላ ጻፈች፤ ካርዷንም ነል አደረገቻት።

መብራቱ ሲመጣ ማንም አላጨበጨበም። ቻርጀሩን ሰኩ፤ የስሙን ቦታ ከ20 ወደ 64 አሰፉት፤ ፕሮግራሙን አስነሱት። ገብረመድኅን ሙሉ ስሙን ይዞ ወጣ። ውጤት፣ 78።